ቧንቧው ሲዛወር፦ በድሬዳዋ የተሰጠ የአካባቢ ጥናትና የሕዝብ ምክክር አገልግሎት ግምገማ

አንድ አማካሪ ድርጅት በድሬዳዋ ዳርቻ ለሚገኝ ፋብሪካ ያካሄደውን የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናትና ከጥናቱ ጋር የሰጠውን የሕዝብ ምክክር አገልግሎት በዚህ ጽሑፍ እገመግማለሁ። ጉዳዩ የቧንቧ ማዛወር ነው። ፋብሪካው ከጉድጓዶቹ ውኃ የሚያመጣበት የብረት ቧንቧ የአሸዋ ወንዙን ዳር ይዞ የተዘረጋ በመሆኑ ጎርፍ በመጣ ቁጥር ዳርቻው እየተቦረቦረ ቧንቧው በየቦታው ተራቁቷል፤ ስለዚህ መስመሩ ከወንዙ ርቆ በመኖሪያ ሠፈርና በጓሮ አትክልት ቦታዎች ጀርባ እንዲያልፍ ታስቧል። አዲሱ መስመር ከሚነካቸው ይዞታዎች አንዱ የቤተሰቤ በመሆኑ በምክክሩ እንድገኝ ተጠርቻለሁ፤ በሙያዬ ቀያሽ ስለሆንኩ ደግሞ ሰነዱን ከካርታው ጀምሬ እስከ አባሪው አንብቤዋለሁ።

የድርጅቱንም ሆነ የፋብሪካውን ስም አላነሣም። ይህን አገልግሎት የሚሰጡ ድርጅቶች ብዙ ናቸው፣ የሰነዶቻቸውም አሠራር እጅግ ተቀራራቢ ነው፤ የታዘብኩት ጉድለት የአንድ ቤት ብቻ አይመስለኝም። አገልግሎቱ ከሌሎች የሚለይበት አንድ ነገር ግን ከመነሻው መጠቀስ አለበት። ገንዘቡን የሚከፍለው ፋብሪካው ነው፤ ተጠቃሚው ግን በአንድ በኩል ፋብሪካው፣ በሌላ በኩል በመስመሩ ላይ የሚኖረው ሰው ነው። ከፋይ ያልሆነው ደንበኛ ቅር ቢሰኝ ወደ ሌላ ሱቅ መሄድ አይችልም፤ በደጁ የሚቆፈረው ቦይ አንድ ነው፣ ጥናቱም አንድ ነው።

ጉዳዩ ከአንድ የውኃ ቧንቧ አልፎ የሚያሳስበኝ ምሥራቁ የቧንቧ አገር እየሆነ በመምጣቱ ነው። ሐረር የሐሮማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ ውኃ የምታገኘው በድሬዳዋ አቅራቢያ ካሉ ጉድጓዶች ሽቅብ እየተገፋላት ነው። የካሉብን የተፈጥሮ ጋዝ ወደ ጅቡቲ የሚያደርስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ቧንቧ እንዲዘረጋ ኢትዮጵያና ጅቡቲ በ2011 ዓ.ም. ተፈራርመው ነበር፤ ሥራውን ይዞ ከነበረው ኩባንያ ጋር የተደረገው ውል ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቢቋረጥም በመስከረም 2018 የካሉብ ፈሳሽ ጋዝ ማምረቻ የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመርቋል። በውኃ ቧንቧ ላይ ያልለመድነውን ምክክር በጋዝ ቧንቧ ላይ ድንገት እንችልበታለን ብዬ አላምንም። ውኃ ቢያፈተልክ መንገድ ይበላሻል፤ ጋዝ ቢያፈተልክ ግን ሠፈር ሊቃጠል ይችላል።

መመዘኛዬን ከራሴ አላመነጨሁትም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ዜጎች አባል የሆኑበትን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳብ እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ አንቀጽ 92 ደግሞ በቀጥታ የሚነካቸውን የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮግራም በተመለከተ ሐሳባቸውን እንዲገልጹ ያዛል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ወደ ዝርዝሩ ይገባል። በአንቀጽ 8 መሠረት የጥናት ሰነዱ የፕሮጀክቱን ምንነትና ቴክኖሎጂ፣ የሚለቀቀውን በካይ ዓይነትና መጠን፣ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ የሚደርሰውን ተፅዕኖና የሚቆይበትን ጊዜ፣ ጉዳቱን ለማስቀረት ወይም ለመቀነስ የታሰበውን እርምጃ፣ አደጋ ቢደርስ የሚወሰደውን ርምጃና የክትትሉን ሥርዓት መያዝ አለበት። አንቀጽ 15 የአካባቢ ጥበቃ አካሉ ሰነዱን ለሕዝብ ተደራሽ አድርጎ አስተያየት እንዲጠይቅ፣ በተለይ ተጎጂ ሊሆን የሚችለው ማኅበረሰብ የሰጠው አስተያየት በሰነዱም በግምገማውም መካተቱን እንዲያረጋግጥ ያስገድደዋል። የኔ ግምገማ የሚያርፈው በዚህ «መካተት» በሚለው ግዴታ ላይ ነው። ስብሰባ መጠራቱን፣ ሰው መምጣቱን፣ ንግግር መደረጉን ለብቻቸው አልቆጥራቸውም፤ የምጠይቀው ሰነዱ ውስጥ ሰው ከመናገሩ በፊትና ከተናገረ በኋላ የተለያየ መስመር አለ ወይ የሚለውን ነው።

በጥሪው ልጀምር። ማስታወቂያው በቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተለጥፏል፣ በየዕድሩም ተነግሯል፤ በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም። ሰነዱን በተመለከተ ግን ማስታወቂያው የሚለው «በጽሕፈት ቤቱ ይገኛል» ብቻ ነበር። የተገኘው አንድ ቅጂ ነው፤ ሙሉው በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ከፊቱ አጭር የአማርኛ ማጠቃለያ የተሰፋበት። በአዲሱ መስመር ላይ ከሚኖሩት ሰዎች አብዛኞቹ በቤታቸው የሚነጋገሩት በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ ነው። በእነዚህ ቋንቋዎች አንድ ገጽ እንኳ አልተዘጋጀም። የአማርኛው ማጠቃለያም ቢሆን የፕሮጀክቱን ጥቅም በሰፊው ዘርዝሮ ጉዳቱን «ጊዜያዊና ዝቅተኛ» በሚሉ ሁለት ቃላት ያሳለፈ ነው። ይህን ያነበበ ሰው ወደ ስብሰባው የሚመጣው ለማጨብጨብ ወይም ላለመምጣት ነው እንጂ ለመጠየቅ የሚያበቃ ነገር በእጁ አልያዘም።

ስብሰባው የተጠራው በግንቦት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው። ድሬዳዋን ለማያውቅ አንባቢ ይህ ተራ ሰዓት ሊመስለው ይችላል። በእኛ ከተማ በዚያ ሰዓት ሱቁ ተዘግቷል፣ የቀፊራ ገበያ ጥላ ፍለጋ ገብቷል፣ ወንዱ በርጫ ላይ ነው፣ ሴቷ የምሳ ዕቃ አጥባ ለአፍታ ጎኗን ያሳረፈችበት ነው፤ ከተማው የሚነቃው ወደ 10 ሰዓት ግድም ነው። መርሐ ግብሩን ያወጣው ሰው የከተማዋን ጠባይ ቢጠይቅ ኖሮ አዳራሹ ይሞላ ነበር። የመጣነው በጣት የምንቆጠር የይዞታ ባለቤቶች፣ የዕድር ዳኞችና የቀበሌ ሠራተኞች ነበርን፤ ሴቶቹ ከኋላ ወንበሮች ላይ ተቀምጠው ማይክሮፎን ሳይደርሳቸው ብዙ ጊዜ አለፈ። መስተንግዶው ደህና ነው፤ ቀዝቃዛ ውኃ ነበር።

ከዚህ በኋላ ስለሆነው ግን አማካሪ ድርጅቱ ሊመሰገን ይገባዋል። የመክፈቻ ንግግሩና የስላይዱ ገለጻ እንዳበቃ ከቡድኑ ጋር የመጣችው ወጣት የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ በትልቅ ወረቀት የታተመ የሳተላይት ምስል ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ «እስቲ ቤታችሁን ፈልጉ» አለች። አዳራሹ የተለወጠው በዚያች ቅጽበት ነው። ከኋላ የነበሩት ሴቶች ቀድመው መጡ። አንዷ መስጊዱን አገኘች፣ ከመስጊዱ ተነሥታ የጎረቤቷን ቆርቆሮ ቆጠረች፣ ከዚያም ቀዩ መስመር በቤቷና በጓሮዋ የዘይቱን ዛፎች መካከል እንደሚያልፍ አየች። በስላይዱ ላይ «መስመሩ በዋናነት ክፍት ቦታን ይከተላል» የተባለው ቦታ የእርሷ ጓሮ ነው። ባለሙያዋ አልተከራከረችም፤ በእስክሪብቶ ክብ አደረገችና ቁጥር ሰጠችው። እንዲህ ያለ ሥራ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ነገር ግን በተካፈልኩባቸው የቅየሳ ሥራዎች ሁሉ ሲደረግ ያየሁት እጅግ ጥቂት ጊዜ ነው።

በዚያው ጠረጴዛ ላይ አንድ አትክልተኛ ሽማግሌ በኦሮምኛ ይናገሩ ጀመር። ጣታቸው ያረፈው አዲሱ ቧንቧ የአሸዋ ወንዙን በሚያቋርጥበት ነጥብ ላይ ነው። የቀበሌው አስተርጓሚ «አባባ ወንዙ አስቸጋሪ ነው እያሉ ነው» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቀለላቸው። ያሉት ከዚያ በጣም የበዛ ነበር፤ ከጎናቸው የቆመ ጎረቤት ነው ያስተካከለው። በ1998ቱ ጎርፍ ጊዜ ውኃው በዚያ ነጥብ ላይ ወደ ግራ እንደገመሰ፣ ዛሬ ጠፍጣፋ አሸዋ የሚታይበት ቦታ ያኔ ከሰው ቁመት በላይ ጎድጎዶ እንደነበር፣ ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ ግን ድንጋይ ወለሉ ላይ እንደሚታይና ወንዙ እዚያ ቦታውን ለቅቆ እንደማያውቅ ነበር የተናገሩት። ድርጅቱ ለሌላ ጊዜ አገልግሎቱን ማሻሻል ከፈለገ በአስተርጓሚው ይጀምር፤ በጎ ፈቃደኛ የቀበሌ ሠራተኛ ሳይሆን ሙያው የሆነ፣ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ሰው ይቅጠር።

የሽማግሌው አስተያየት ለምን እንደሚከብድ ለማስረዳት ወደ ሰነዱ ልመለስ። የአሸዋ ወንዞቻችን በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ደረቅ ናቸው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱባቸዋል፣ ግመል ይነዳባቸዋል። በደንገጎና በሐሮማያ በኩል ባለው ደጋ ሲዘንብ ግን ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወድቅም ጎርፍ ሊደርስ ይችላል። በሐምሌ 1998 መጨረሻ በሌሊት ደርሶ ከ250 በላይ ሰው የገደለውን የደጫቱን ጎርፍ የማያስታውስ ጎልማሳ በከተማችን የለም ማለት ይቻላል። ለተቀበረ ቧንቧ ደግሞ ከውኃው ከፍታ ይልቅ የሚያሠጋው ከሥር የሚሆነው ነው። ጎርፉ በበረታበት ሰዓት የወንዙ ወለል ራሱ ይንቀሳቀሳል፤ አሸዋው ተጠርጎ ወለሉ ዝቅ ይላል፣ ውኃው ሲቀንስ ደግሞ አዲስ አሸዋ ሞልቶት ምንም እንዳልሆነ ያስመስለዋል። በበጋ ሜትር ይዞ የሚወርድ ባለሙያ የሚለካው ይህን የተሞላ ወለል ነው። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ወንዝ ቧንቧ የሚቀበርበት ጥልቀት መወሰን ያለበት ጎርፉ ምን ያህል ሊቆፍር እንደሚችል ተሰልቶ ነው።

የመጀመሪያው ሰነድ ስሌቱን አልሠራም። «በደረጃው መሠረት 1.2 ሜትር» ብሎ አልፎታል፣ ደረጃው የየት እንደሆነም አይናገርም። በአሜሪካ የተፈጥሮ ጋዝ ቧንቧ የደኅንነት ደንብ አዲስ የማስተላለፊያ ቧንቧ በተለመደ አፈር ላይ ሰው በተራራቀበት ገጠር ቢያንስ 76 ሴንቲ ሜትር፣ ቤት በበዛበት ደግሞ 91 ሴንቲ ሜትር አፈር እንዲለብስ ይጠይቃል፤ መርከብና ጀልባ በሚመላለስበት ወንዝ ሥር ግን 122 ሴንቲ ሜትር ይላል። ቁጥሩ ከዚያ የተቀዳ ይመስለኛል። በአሸዋ ወንዛችን ላይ የሚመላለስ መርከብ እስካሁን አላየሁም። ከዚህም በላይ እነዚህ የደንቡ ቁጥሮች ዝቅተኛ ወሰን ናቸው እንጂ የዚህ ወይም የዚያ ወንዝ ስሌት ውጤት አይደሉም፤ ከሌላ ሰነድ የተገለበጠ ቁጥር ደግሞ አሮጌው ቧንቧ ለምን እንደተራቆተ እንኳ አያስረዳም።

እዚህ ላይ አገልግሎቱ ትልቁን ነጥብ ያገኛል። ተሻሽሎ በቀረበው ሁለተኛ ሰነድ ላይ ቧንቧው ወንዙን የሚያቋርጥበት ነጥብ ሽማግሌው ወዳመለከቱት ድንጋያማ ወለል ተዛውሯል፣ የቁፋሮ ጥልቀቱም «ከመሬት ምርመራና ከጎርፍ ቡርቦራ ስሌት በኋላ ይወሰናል» በሚል ተተክቷል። ዓረፍተ ነገሩ ገና ተስፋ ነው፣ ስሌት አይደለም፤ ሆኖም የሰው ንግግር መስመር ማንቀሳቀሱን በዓይኔ አይቻለሁ። በአባሪው ውስጥ ግን ለውጡ «በቴክኒክ ቡድኑ ዳግም ምልከታ የተደረሰበት» ተብሎ ተመዝግቧል። አትክልተኛው የሉበትም።

ቧንቧ ማዛወር ሁለት ሥራ ነው፤ አንዱ አዲሱን መዘርጋት ነው፣ ሁለተኛው አሮጌውን ማሰናበት። ሰነዱ ስለ መጀመሪያው ብዙ ገጾች ሲጽፍ ስለ ሁለተኛው የሚለው «አሮጌው ቧንቧ ከአገልግሎት ውጪ ይደረጋል» ብቻ ነው። ከአገልግሎት ውጪ ሆኖ ምን ይሆናል? ይነቀላል? ከተነቀለ ዳርቻው እንዳይናድ ምን ይደረጋል? ባለበት ከተተወ ደግሞ በውስጡ ባዶ የሆነ ብረት ሲዝግ ቆይቶ ከላዩ ያለውን አፈር ያሰምጠዋል፤ ጎርፍ ሲያራቁተው ደግሞ ተቆርጦ ለቁራሌው እስኪሸጥ ድረስ የልጆች መጫወቻ ይሆናል። ጋዝ በሚያስተላልፉ ቧንቧዎች ላይ ይህ ምዕራፍ ሊታለፍ የማይችል ነው፤ መስመሩ ሲዛወር በአሮጌው ውስጥ የቀረው ጋዝ ተገፍቶ ይወጣል፣ ጫፎቹ ይታሸጋሉ፣ በመንገድና በሐዲድ ሥር የሚያልፈው ክፍል ብዙ ጊዜ በሲሚንቶ ድብልቅ ይሞላል፣ ነቅሎ ማውጣቱና ባለበት መተዉም በጉዳታቸው ተነጻጽረው ይቀርባሉ። የውኃው ቧንቧ ሥጋት ያነሰ ቢሆንም ጥያቄው ያው ነው። በስብሰባው ላይ አንሥቼዋለሁ፣ በጽሑፍም አስገብቼዋለሁ፤ በሁለተኛው ሰነድ ውስጥ ስለዚህ የተጨመረ ቃል የለም።

ካላሰብኩት አቅጣጫ የመጣ ሌላ ጥያቄ ደግሞ እነሆ። አዲስ ቧንቧ ከተዘረጋ በኋላ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ውኃ ተሞልቶ በከፍተኛ ግፊት ይፈተሻል፣ የሚጠጣ ውኃ የሚያስተላልፍ ከሆነም በክሎሪን ይታጠባል። ሰነዱ የመፈተሻው ውኃ «ወደ ወንዙ ይለቀቃል» ይላል። አንዲት እናት ይህ ሲነበብ ሰምተው «እኛ ጀሪካን ይዘን ተራ የምንጠብቅ ሰዎች ያን ያህል ውኃ አሸዋ ላይ ሲፈስ ቆመን እንድናይ ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ባለሙያዎቹ ተያዩ። ጥያቄው ቀላል መልስ የለውም፤ የመፈተሻ ውኃ ዝገትና ቆሻሻ ይዞ ሊወጣ ስለሚችል ለመጠጥ አይሆንም፣ ክሎሪኑም ሳይረግብ ለአትክልት አይለቀቅም። ይሁንና ውኃውን አጠራቅሞ አቧራ ለሚያስነሣው የቁፋሮ ሥራ መርጨት ይቻላል፤ ጥናቱ ራሱ አቧራ ለመቀነስ በቦቴ ውኃ ይመጣል ብሎ ጽፏል። ሁለቱን ገጾች ያገናኟቸው እኚህ እናት ናቸው፣ መልሱም «ይታሰብበታል» የሚል ነበር።

ስለ ካሳ ረጅም ክርክር ተደርጓል፤ በዚህ ግምገማ ውስጥ ግን ቦታው ጠባብ ነው፣ ካሳ መገመት የአማካሪው ድርጅት ሥራ አይደለምና። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት ለተፈናቀለ ወይም ኑሮው ለተነካ ሰው ተመጣጣኝ ካሳ ወይም ሌላ አማራጭ እንዲሰጥ ይላል፤ የግል ፋብሪካ ፕሮጀክት በዚህ ውስጥ እንዴት እንደሚታይ ለሕግ ባለሙያዎች እተወዋለሁ። አማካሪው ማድረግ የነበረበት የሚነኩትን ዛፎች በዓይነትና በዕድሜ መመዝገብ ነበር፤ «ልዩ ልዩ የፍራፍሬ ዛፎች» ብሎ ጻፈ። ፍሬ መስጠት የጀመረ ማንጎና ትናንት የተተከለ ችግኝ በአንድ ቃል ውስጥ ሲቀመጡ የሚጎዳው ባለ ማንጎው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ እመጣለሁ፤ እርሱም አስተያየት ከተሰጠ በኋላ ያለው ጉዞ ነው። በአባሪው የተያያዘው ቃለ ጉባኤ «ተሳታፊዎች ፕሮጀክቱን በደስታ ተቀብለው ለተግባራዊነቱ ከጎኑ እንደሚቆሙ ገልጸዋል» በሚል ዓረፍተ ነገር ይዘጋል። ከእርሱ ቀጥሎ የሁላችንም ፊርማ አለ። ፊርማው በሩ ላይ አቴንዳንስ ተብሎ ስንገባ፣ ለትራንስፖርት አበል ተብሎ ደግሞ ስንወጣ የፈረምነው ነው። ወረቀቱ ከቃለ ጉባኤው ጀርባ ሲሰፋ ግን መገኘታችን መስማማታችን ሆኖ ይነበባል። የተነሡት ጥያቄዎች በሠንጠረዥ ቀርበዋል፤ ሆኖም ማን እንደጠየቀ፣ ስለ የትኛው ቦታ እንደተጠየቀ፣ በሰነዱ የትኛው ገጽ ላይ መልስ እንዳገኘ አያሳይም። «የካሳ፣ የአቧራና የወንዝ ጉዳይ ተነሥቷል፤ ማብራሪያ ተሰጥቷል» ይላል። ወጣቷ ባለሙያ በካርታው ላይ በክብና በቁጥር የያዘቻቸው ነጥቦች በሰነዱ ውስጥ የትም የሉም። ቁጥሮቹ ቢታተሙ ኖሮ ሥራው አልቆ ነበር።

ይህ የሚቻል መሆኑን ለማሳየት የጋዝ ቧንቧ ማዛወርን በብዛት ወደሚያስተናግድ አገር እንይ። በአሜሪካ በክፍለ ግዛቶች መካከል ጋዝ የሚያስተላልፍ ቧንቧ የሚመራው እ.ኤ.አ. በ1938 በወጣው የተፈጥሮ ጋዝ ሕግ ሲሆን ፈቃዱን የሚሰጠው የፌዴራል ኢነርጂ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ነው። በዚያ ቧንቧ የሚዛወርበት ምክንያት ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ወንዝ ዳርቻውን ይበላል፣ አውራ ጎዳና ይሰፋል፣ መሬት ይሰምጣል፣ ወይም ባዶ የነበረው ቦታ በቤት ይሞላል። የመጨረሻው እንዲያውም በቁጥር የተቀመጠ ነው፤ ከቧንቧው ግራና ቀኝ 200 ሜትር ገደማ ውስጥ በ1.6 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያሉ ቤቶች ይቆጠራሉ፣ ከ10 ሲበልጡ አንድ ደረጃ፣ 46 ሲደርሱ ደግሞ ሌላ ደረጃ ከፍ ይልና ኩባንያው ግፊቱን ለመቀነስ፣ ቧንቧውን ለመቀየር ወይም ሌላ የደኅንነት እርምጃ ለመውሰድ ሊገደድ ይችላል። ለእኔ ዋናው የአስተያየቱ አያያዝ ነው። እያንዳንዱ ማመልከቻ የመዝገብ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ጥናቱ ከመጻፉ በፊት ምን ይጠና የሚለውን ሕዝቡ እንዲናገር አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን ይከፈታል፤ የተላከ ደብዳቤ ሁሉ በመዝገቡ ሥር ማንም ሊያነበው በሚችልበት ቦታ ይቀመጣል፤ የአካባቢ ጥናቱም የትኛው ሥጋት በየትኛው ክፍል እንደታየ እየጠቀሰ ይመልሳል። በብዙ ስብሰባዎቻቸው ደግሞ መድረክ ላይ መውጣት ለማይፈልግ ሰው ብቻውን ተቀምጦ ቃሉን የሚመዘግብለት ጸሐፊ ይመደባል። በአዳራሻችን ከኋላ ለተቀመጡት ሴቶች ከዚህ የተሻለ ነገር ማሰብ አልችልም።

ያ ሥርዓት ግን እንከን የለሽ ነው አላልኩም። ኮሚሽኑ የሚቀርቡለትን አብዛኞቹን ቧንቧዎች ስለሚያጸድቅ ብዙ ጊዜ ይወቀሳል፤ ሕዝቡን በሂደቱ የሚያግዝ ቢሮ እንዲያቋቁም እ.ኤ.አ. በ1978 ሕግ ቢፈቅድለትም ቢሮው የተከፈተው በ2021 ነው። መመዝገብ መሸነፍን አያስቀርም። የተመዘገበ ሰው ግን ምን ብሎ እንደተሸነፈ ያውቃል፣ ይግባኝ ሲልም የሚጠቅሰው ገጽ አለው። የእኛ አዋጅም ቢሆን በር አልዘጋም፤ በአንቀጽ 17 መሠረት በፈቃዱ ወይም በክትትሉ ያልረካ ማንም ሰው ለአካባቢ ጥበቃ አካሉ ኃላፊ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል፣ ኃላፊውም አቤቱታው በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት። «ማብራሪያ ተሰጥቷል» ከሚል ሠንጠረዥ ተነሥቶ አቤቱታ መጻፍ ግን ከባድ ነው።

አገልግሎቱን በአንድ ሚዛን ላይ አስቀምጥ ብባል የስብሰባውን ጠረጴዛ ከሰነዱ አበልጣለሁ። የመስክ ቡድኑ ማዳመጥ ያውቃል፤ ቢሮ ተቀምጦ የሚጽፈው ክፍል ግን የተሰማውን ወደ ተለመደው ቅጽ እየመለሰ ያሳሳዋል። ድርጅቱን ለመቅጠር የሚያስብ ፋብሪካ ወይም ተቋም ካለ የምመክረው በውሉ ውስጥ ሦስት ነገሮችን አስቀድሞ እንዲያስገባ ነው፤ ማጠቃለያው በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ከስብሰባው ቢያንስ ሁለት ሳምንት በፊት እንዲሠራጭ፣ ካርታውና በላዩ የተሰጡት ቁጥሮች ከመልሳቸው ጋር አባሪ እንዲሆኑ፣ የአበል ፊርማም ከቃለ ጉባኤው እንዲለይ። ዋጋው ላይ የሚጨምረው ጥቂት ነው፤ ጎርፍ ያራቆተውን ቧንቧ ሁለተኛ ጊዜ ከማዛወር ጋር ሲተያይ ከቁጥር አይገባም። እንደ እኔ ለምክክር የሚጠራ ነዋሪ ደግሞ አስተያየቱን በጽሑፍ ያስገባ፣ በቅጂው ላይ የመዝገብ ቤት ማኅተም ያስደርግ፣ የሚፈርምበት ወረቀት አናት ላይ የተጻፈውንም ሳያነብ አይፈርም።

ሁለተኛው ሰነድ በአሁኑ ጊዜ በአካባቢ ጥበቃ አካሉ እጅ ነው። አዋጁ የጥናት ሰነድ ከሕዝብ አስተያየትና ከባለሙያ ሐሳብ ጋር ተመዝኖ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲወሰንበት ያዛል፤ ውሳኔውም ያለ ቅድመ ሁኔታ መፍቀድ፣ በቅድመ ሁኔታ መፍቀድ ወይም መከልከል ሊሆን ይችላል። ከጎረቤቶቼ ጋር ሆነን ባስገባነው ደብዳቤ የጠየቅነው መካከለኛውን ነው፦ የጎርፍ ቡርቦራው ስሌት ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት እንዲቀርብ፣ የአሮጌው ቧንቧ ዕጣ በግልጽ እንዲጻፍ፣ የመፈተሻው ውኃም ለአቧራ መርጫ እንዲውል። ከደብዳቤው ጋር የካርታውን ፎቶ ከነክቦቹ አያይዘናል።